ለገና ስጦታ ከመግዛቴ በፊት ምን ላስብ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። እዚሁ ሐዋሳ ነው ምኖረው፣ ቢሮ ነው ምሰራው። ዘንድሮ መስሪያ ቤታችን ዕጣ አውጥታችሁ ለገና ስጦታ ተለዋወጡ ተባልን፣ ሴክሬት ሳንታ የሚሉት ነገር። ከዛ ውጪ የወንድሜ ልጆች አሉ፣ እናቴ ይርጋለም አለች፣ ቤትም ምታግዘን ልጅ አለች። ሱቅ ገብቼ ሳይ ግን ግራ ገባኝ፣ አሻንጉሊቱ በሁለት ቀን የሚሰበር ነው፣ ልብሱን ሳነሳ ደሞ ይሄን የሰፋችው ልጅ ስንት ተከፍሏት ይሆን እላለሁ። ጓደኛዬ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛ ኦርቶዶክሶችን አይመለከተንም አለችኝ። እውነት አይመለከተንም? እንዲህ ማሰቤስ ማካበድ ነው ወይስ የእምነት ጉዳይ ነው?

መልስ፦ እህቴ ማካበድ አይደለም፣ ይሄ ሀሳብ ሱቅ ውስጥ ሆነሽ ከመጣልሽ እግዚአብሔር ይመስገን ነው ምለው፣ ብዙዎቻችን እኮ ዋጋውን ብቻ አይተን ነው የምንወጣው።

መጀመሪያ የጓደኛሽን ልመልስ። ስጦታ የፈረንጅ ነው የሚለው ልክ አይደለም። ሰብአ ሰገል ከምሥራቅ ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አልመጡም፣ ወርቅ ዕጣንና ከርቤ ይዘው ነው የመጡት (ማቴ 2፥11)፣ አባቶቻችንም ወርቁ ለንግሥናው ዕጣኑ ለክህነቱ ከርቤው ለሞቱ ብለው ነው ያስተማሩን። ማለትም የሚቀበለው ማን እንደሆነ አውቀው ነው ያመጡት፣ እንዲሁ መንገድ ላይ ያገኙትን አንስተው አይደለም። ነህምያም በበዓል ቀን ሕዝቡን ሂዱ ብሉ ጠጡ፣ ላልተዘጋጀላቸውም ድርሻቸውን ላኩላቸው ይላቸዋል (ነህ 8፥10)። ሳንታ የሚሉት ሰውዬም ቢሆን መነሻው በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ የሜራ ከተማ ጳጳስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው፣ ሦስት ድሆች ሴት ልጆች መዳሪያ አጥተው ሊጠፉ ሲሉ ማታ ማታ በስውር ገንዘብ ጥሎላቸው ይሄድ ነበር ተብሎ ነው የሚተረክለት። ቀዩ ልብስና የሱቁ ሙዚቃ ኋላ የመጣ ነው፣ እሱን ተይው። ስጦታው ግን የኛም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ እኔ ከሁሉም በላይ እንድትይዢልኝ ምፈልገው አንድ ነገር ነው። ምን ልግዛ ከማለትሽ በፊት የማን አለብኝ ብለሽ ጠይቂ። ዕዳ ያለበት ሰው ስጦታ ከመስጠቱ በፊት የሰውን ይመልሳል፣ አለበለዚያ የሰጠው የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። ጥያቄሽ መጨረሻ ላይ ቤት ምታግዘን ልጅ አለች ብለሽ አልፈሻታል፣ እኔ ግን ከእሷ ነው ምጀምረው።

የገናን ሌሊት አስቢው። ቤተሰቡ ነጠላውን ለብሶ ገብርኤል ይሄዳል ወይ አጥቢያው ይሄዳል፣ ማሕሌቱ ቅዳሴው ያልቅና ወደ ቤት ሲመለስ ወጡ ሞቆ ይጠብቀዋል። ማነው ያሞቀው? ከትናንት ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗ ያበጠ፣ ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ አጥባ አጥባ እጇ በሎሚና በጨው የተላላጠ ልጅ ነች። እሷም ከኅዳር 15 ጀምራ ፆማለች። እሷም የጥምቀት ስም አላት። ግን ቅዳሴ አልሄደችም ምክንያቱም ድስቱን ማን ይጠብቀው። ከዛ ጠዋት ላይ ለገና ስጦታ ተብሎ እመቤቷ የጠበባትን ቀሚስ ትሰጣታለች፣ የሁለት ወር ደመወዟ ግን "እኔ ጋር ተጠራቅሞልሻል" ተብሎ ቁጭ ብሏል።

ይሄ ባንቺ ቤት ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን በብዙ ክርስቲያን ቤት ያለ ነገር ነው እና ዝም ማለት አልችልም። ሕጉም ብዙ አይደርስላትም፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ራሱ የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ አውጥቶ ለብቻ ደንብ ይወጣል ብሎ ነው የተወው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን አልተዋትም፣ የድሀውን ደመወዝ በቀኑ ስጠው፣ ፀሐይ ሳይገባበት፣ ወደ እግዚአብሔር እንዳይጮኽብህ ይላል (ዘዳ 24፥15)። ስለዚህ የመጀመሪያው የገና ስጦታሽ ይሄ ይሁን፣ ያለባችሁን ደመወዝ ሳንቲም ሳይጎድል በእጇ ስጧት፣ ዶሮው ከዋዜማው በፊት ይሰራና ማታ ነጠላዋን ለብሳ አብራችሁ ቅዳሴ ትሂድ፣ ወጡን ስትመለሱ ራስሽ አሙቂው። ቤተሰቦቿ ጋር መሄድ ከፈለገችም ከበዓሉ በኋላ ሳይሆን ለበዓሉ ትሂድ፣ ትራንስፖርቷን ቻሉላት። ቀሚስ ከጨመርሽ ደሞ እሰየው፣ ግን በልኳ አዲስ ይሁን ወይ አንቺም ደስ ብሎሽ የምትለብሺው ይሁን።

የሰፋችው ልጅ ስንት ተከፍሏት ይሆን ላልሽው፣ ሐዋሳ ላለ ሰው ይሄ ሩቅ ጥያቄ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚሁ ነው፣ ልጆቹን እናውቃቸዋለን፣ ከየገጠሩ መጥተው አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ የሰንበት ተማሪዎቻችን አሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሪፖርት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ነው፣ ልብስ ለውጭ ከሚሰፉ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው ብሎ ነበር። እዛ የሚሰፋው በአብዛኛው ወደ ውጭ ነው የሚሄደው፣ አንቺ ሱቅ ውስጥ የምታነሺው ደሞ ከቻይና ከቱርክ የመጣ ነው፣ እዛም የምትሰፋ እህት አለች። አንቺ ብቻሽን ደመወዟን አትጨምሪላትም፣ ይሄ የሕሊና ሸክም እንዲሆንብሽ አልፈልግም። ግን አምስት ርካሽ ነገር ከምትገዢ አንድ የሚቆይ መግዛት ትችያለሽ። ሰልባጅ መግዛትም ነውር አይደለም፣ ጥሩ ሆኖ ካገኘሽው አጥበሽ ተኩሰሽ ስጪ፣ ኃጢአት የለበትም። ነጠላ ከሆነ ደግሞ ማሽን ላይ ጥለት የታተመበትን ከመግዛት በእጅ የተሸመነውን ብትገዢ ገንዘቡ አንድ ሸማኔ ቤት ይገባል፣ የጋሞ ሸማኔዎች እኮ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አሉ፣ አቅም ካልፈቀደ ግን የታተመውን ገዛሁ ብለሽ አትጨነቂ።

እንደውም እጃችን ላይ ያለው ኃጢአት የትኛው እንደሆነ ልንገርሽ፣ ክርክሩ ነው። ከቀርከሃ የተሠራ ቅርጫት ይዛ ማዳበሪያ ዘርግታ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የተቀመጠች እናት አለች፣ አንድ ቀን ሙሉ የለፋችበትን ዕቃ በሲሶ ዋጋ ስጪኝ ብለን ጥለን እንሄዳለን፣ ተመልሰን እንመጣለን፣ ልጇ ስላልበላ በመጨረሻ ትሰጠናለች፣ ከዛ ቤት ገብተን "ስንት የገዛሁት ይመስላችኋል?" ብለን እንኩራራለን። ጠቢቡ ቃል በቃል ይሄንን ነው የጻፈው፣ የሚገዛ ሰው ክፉ ነው ክፉ ነው ይላል፣ ሲሄድ ግን ይመካል (ምሳ 20፥14)። ካፌ ውስጥ ግን የማኪያቶ ዋጋ ተከራክረን አናውቅም! መከራከር ጨርሶ ክልክል ነው አላልኩም፣ የገበያችን ወግ ነው፣ ግን ከደሃ ላይ ያተረፍሽውን አምጥተሽ በክርስቶስ ልደት ስም ስጦታ አታድርጊው።

አሻንጉሊቱን በተመለከተ ያልሽው እውነት ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ከሚባለው ወንዝ ይገባለታል እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ስለዚህ ፌስታሉም ባትሪውም የተሰበረው ፕላስቲክ መኪናም ዝናብ ጠርጎ ካስገባው እዛው ነው የሚቀረው፣ እኛ ደሞ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ሄደን ከዛው ሐይቅ የወጣ ዓሣ እንበላለን። እግዚአብሔር አዳምን ገነት ውስጥ ያስቀመጠው ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ ነው (ዘፍ 2፥15)፣ ይጠብቃት የሚለው ደሞ ለአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ብቻ የተሰጠ ትእዛዝ አይደለም። ለገና ዛፍ ብለን ጥድ መቁረጡም እንደዛው ነው፣ የሐበሻ ጥድ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ብዙ ቦታ የቀረውም የቤተክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፣ ለአንድ ሳምንት መብራት ማንጠልጠያ ብሎ አናቱን መቁረጥ ለኔ አይዋጥልኝም። አምና የገዛሽው አርቴፊሻል ካለሽ እሱኑ አውጪው፣ ከሌለሽም ያለ ዛፍ ገና ገና ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ተበድረሽ እንዳይሆን። ፆሙ እኮ ለዚህም ነው፣ ሥጋውን ወተቱን ቅቤውን ስንተው የተረፈው ገንዘብ የኛ አይደለም የድሀው ነው ብላ ነው ቤተክርስቲያን ያስተማረችን፣ ኢሳይያስ 58 ላይም እግዚአብሔር እኔ የመረጥኩት ፆም እንጀራህን ለተራበ መቁረስ ነው ይላል። ከዚህ ከተረፈው ለጥበቃው ወይ ለጎረቤት ባልቴት ከቅርጫው አንድ መደብ ይያዝላቸው። ደሞ አደራ፣ ማዕድ ማጋራት ተብሎ አንዲት እናት አምስት ሊትር ዘይት አሸክሞ ካሜራ ፊት ማቆም እየተለመደ ነው፣ የሰፈር ሰው ሁሉ ቴሌግራም ላይ አያት፣ ልጇም ትምህርት ቤት ተሰደበ። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ነው የተባልነው (ማቴ 6፥3)። ዮሐንስ አፈወርቅም ክርስቶስ በረሃብ እየሞተ ማዕዱን በወርቅ ጽዋ ብትሞላለት ምን ይጠቅመዋል ብሎ ነው የጠየቀው፣ በድሀው ሰው ውስጥ ያለው እሱ ነው ለማለት፣ እንግዲህ ክርስቶስን ፎቶ አንስተን ልንለጥፈው ነው?

የቢሮውን በቀላሉ ጨርሺው። ስምሽ ሳይታወቅ መስጠቱ እንደውም ከወንጌሉ ጋር ይሄዳል፣ ዕለቱ ፆም ውስጥ ከዋለ ግን ክሬም ኬክና የወተት ቸኮሌት አትግዢ፣ ሌላው ፆመኛ ይቸገራል። የሲዳማ ጥሬ ቡና አንድ ኪሎ በዛች ቅርጫት አድርገሽ ብትሰጪ ገበሬውም ቅርጫት ሠሪዋም ተጠቀሙ፣ ተቀባዩም ይጠጣዋል፣ የሚጣል ነገር የለውም። ዕጣው የወጣልሽ ሰው ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ከሆነም ያው ነው፣ መንፈሳዊ ነገር አስገድደሽ አትስጪው፣ ደስ የሚለውን ስጪው።

ለወንድምሽ ልጆች አንድ ኳስ ለሁሉም፣ ወይ የግዕዝ ፊደል ገበታና እርሳስ፣ ትልቁ ንባብ ከቻለ መጽሐፍ። ከዛም በላይ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ይዘሻቸው ውጪ፣ ፍቅር ሐይቅ ወስደሽ የልደቱን ታሪክ ራስሽ ንገሪያቸው፣ ላምና አህያ በትንፋሻቸው አሞቁት የሚለው ጋ ስትደርሺ የሚጠይቁሽን ጥያቄ ታያለሽ። እናትሽን ደግሞ አሁኑኑ ደውለሽ ምን ጎደለሽ በያት፣ ምንም አትልም፣ እናቶች እንደዛ ናቸው፣ ስለዚህ ጎረቤቷን ወይ እህትሽን ጠይቂ፣ የመድኃኒት ይሁን የጣሪያ ቆርቆሮ ይነግሩሻል። ከሁሉም በላይ ግን ራስሽ ሂጂላት፣ ይርጋለም ቅርብ ነው፣ መናኸሪያው በበዓል ሰሞን ስለሚጨናነቅ ቀደም ብለሽ ውጪ።