ባልጩት መሮ ሲሆን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ላሊበላ ተቀምጬ ከወይራ እንጨት መስቀል እቀርጻለሁ። ፈረንሳይ ውስጥ ላ ማድሌን ከተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1864 የተገኘ፣ የማሞዝ (ዘሩ የጠፋው የጥንቱ ጸጉራም ዝሆን) ምስል የተቀረጸበትን የማሞዝ ጥርስ በፎቶግራፍ አየሁ። ብረት በሌለበት ዘመን ያን የመሰለ መስመር በምን አወጡት?

መልስ፦ እንደ አንተው በመሮ ነው፤ መሮው ግን ባልጩት ነው። ባልጩትን ከኦሪት ዘጸአት ታውቀዋለህ፤ ሲፓራ ልጇን የገረዘችበት ነው። ስለቱ እንደ ምላጭ ነው፤ ጣጣውም ይኸው ነው። ስስ ስለት ቆዳ ይቆርጣል እንጂ አጥንት ላይ ሲጫኑት ይሸራረፋል። ስለዚህ እነዚያ የጥንት ሰዎች ስለቱን ሆን ብለው አስወገዱት!

መጀመሪያ ከድንጋዩ እንደ ቢላዋ የረዘመ ስስ ፍልጥ ያወጣሉ። ጫፉን በጥቃቅን ምት ደልደል ያደርጉታል፤ ዋናው ምት የሚያርፍበት እንዲያገኝ ነው። ከዚያ በትንሽ ድንጋይ ጥጉን አንዴ ሲመቱት የክብሪት እንጨት የምታህል ስንጣሪ የጎኑን ስለት ይዛ ትወድቃለች። የሚቀረው ወፈር ያለ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ጠባብ አፍ ያለው መሮ ነው፤ ፈረንሳዮች ቡሪን ይሉታል። ሲደነዝ ሌላ ስንጣሪ ማስወለቅ ብቻ ነው።

እኔም ሞክሬዋለሁ። ሦስቱ መሃል ለመሃል ተሰበሩብኝ፤ አራተኛው እሺ አለኝ። የበሬ አጥንት ላይ ስስበው እንደ ጠመኔ ይጮኻል፣ ነጭ ዱቄት ይተፋል። አንዷን መስመር ለማጥለቅ ሃያ ጊዜ ተመላልሻለሁ።

ሥራው ለሥዕል ብቻ አልነበረም። የበረዶ አገር አጋዘን ቀንድ ላይ ሁለት ትይዩ ቦዮች ቆፍረው መሃሉን ፈንቅለው ያወጡና ባለ ጥርስ የዓሣ መውጊያ ይሠሩበታል። በአጥንትም እንዲሁ እያደረጉ መርፌ ያወጣሉ። በዚህ መርፌ የተሰፋ ቆዳ ባይኖር የዚያን የበረዶ ዘመን ብርድ ማን ይችለው ነበር?

ደግሞ ሙዚየም ውስጥ «መቅረጫ» የሚል ጽሑፍ ስታይ ቶሎ አትመን። በማይክሮስኮፕ ሲመረመሩ ጫፋቸው ሳይነካ ጎናቸው ብቻ ያለቀ ቡሪኖች ተገኝተዋል፤ እነዚያ ሲፍቁ የኖሩ ናቸው።

ልትሞክረው ካሰብህ መነጽር አድርግ፣ ውጭም ተቀመጥ። እኔ ሳሎን ውስጥ ሠርቼ ባለቤቴ ስንጣሪውን እስከ ዛሬ ከምንጣፍ ትለቅማለች።