ኳስ ይዞ ለሚሮጠው ልጅ

ሰሞኑን ለጉልበቱ ሕክምና የሚመላለስ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ «ኮሌጆች በአሜሪካ እግር ኳስ ረኒንግ ባክ፣ ማለት ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች፣ ሆኜ እንድጫወትላቸው ይፈልጉኛል፤ አባቴ ግን ተወው ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደ እርሱ ረኒንግ ባክ የነበረው ማርከስ ዱፕሪ ትዝ አለኝ። የዱፕሪ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያኔ ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ዱፕሪ ፊላደልፊያ ከምትባል የሚሲሲፒ ትንሽ ከተማ የመጣ ልጅ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 87 ታችዳውን (ኳሱን ተጋጣሚው ከሚጠብቀው መስመር አሳልፎ የሚቆጠር ግብ) አስቆጥሮ የዝነኛውን ረኒንግ ባክ የኸርሼል ዎከርን ክብረ ወሰን በአንድ በልጧል። እኛ ሐበሾቹ ስለ ጨዋታው የምናውቀው ነገር አልነበረም፤ «በእጅ ይዘውት እየሮጡ ለምን የእግር ኳስ ይሉታል?» እያልን እንከራከር ነበር። በደርግ ጊዜ ለዕረፍት አገር ቤት መግባት የማይታሰብ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1983 ማደሪያው ውስጥ ቴሌቪዥን ከበን ቡድናችን ፊስታ ቦውል በሚባለው ትልቅ የኮሌጆች ግጥሚያ ሲጫወት አየን። ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝነው የ18 ዓመት ልጅ ተከላካዮቹን እየጣሰ ሲያልፍ ያልገባንም ብድግ ብለን ጮኽን። እያረፈ እየገባ 239 ያርድ (218 ሜትር ገደማ) ኳስ ይዞ ሮጠ። ቡድናችን ግን ተሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ወሬ ሁሉ ስለ ልጁ ክብደትና ስንፍና ነበር። እግሩን ምን እንደሚያመው ያነሳ ሰው አልሰማሁም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከተሸነፍን በኋላ ትቶን ሄደ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ደንቡ አንድ ዓመት ሳይጫወት እንዲቆይ ያስገድደው ነበር። በ1984 ኒው ኦርሊንስ ብሬከርስ ለተባለ ደመወዝ ከፋይ ቡድን ፈረመ፤ በ1985 ገና 21 ዓመት ሳይሞላው ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳበት። በ1990 ወደ ሜዳ ተመልሶ ለሎስ አንጀለስ ራምስ ቡድን ተጫውቷል። ይህን ጽናቱን አደንቃለሁ፤ ያ ፍጥነት ግን አልፎ ነበር።

የዛሬ ልጆች ችኩሎች ናችሁ። ጥቂት ጨዋታ ተጠባባቂ ከሆናችሁ ኮሌጅ ትቀይራላችሁ፤ ይህን አልወደውም። ዱፕሪ ኮሌጅ ቀይሮ ወዲያው የመጫወት መብት ቢኖረው ኖሮ ግን ምናልባት በዩኒቨርሲቲ ይቆይ ነበር እላለሁ፤ ስለዚህ መብቱ ይነሳችሁ አልልም።

ወደ አንተ ልመለስ፣ ልጄ። ስለ ትምህርት አባትህ ነግሮሃል፤ አልደግመውም። ከጉልበት ቆብህ በላይ ጭንህን በሜትር ስለካው የታከመው እግርህ ከሌላው ቀጥኖ አግኝቼዋለሁ። አንተ ግን «ድኛለሁ» ትላለህ። የመስቀለኛ ጅማት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ወደ ሜዳ ከተመለሰ ዳግመኛ የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል፤ ዘጠኝ ወር ቢሞላውም ጭኑ ጥንካሬውን ካልመለሰ አላሰናብተውም። የኮሌጁ ሰዎች ቤታችሁ ሲመጡ ስለ ስታዲየሙ ስፋት አትጠይቃቸው። ስትጎዳ መቼ እንደምትመለስ የሚወስነው ሐኪሙ ነው ወይስ አሰልጣኙ? መጫወት ባትችል የነፃ ትምህርቱ ዕድል ይቀጥላል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበል፤ ስትጠይቅም አባትህ አጠገብህ ይቀመጥ።