መልስ፦ በአዲሱ የፒንቦል ማሽኔ ላይ ቁልፉ ተጭኖ ሲቆይ የፍሊፐሩ ኮይል ለምን ይጨሳል?

ኮይሉ (ፍሊፐሩን፣ ማለትም ኳሷን የሚመታውን ክንድ፣ የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) የሚጨሰው፣ ኳሷን ለመምታት ለቅጽበት ብቻ የሚያስፈልገው ከባድ ኤሌክትሪክ ክንዱ ከተነሣም በኋላ ሳይቋረጥ ስለሚፈስ ነው። ኮይሉን ለማብረድ ሽቦውን በወፍራም ሊቀይሩት አስበዋል፤ ወፍራም ሽቦ ግን ሙቀቱን ያባብሰዋል እንጂ አያበርደውም።

ባለ ሁለት ጥቅል ኮይል ይጠቀሙ፤ አንዱ ጥቅል በሙሉ ኃይል ከመታ በኋላ ክንዱ ጫፍ ሲደርስ በሚነካው ስዊች ይቋረጣል፣ በቀጭን ሽቦ የተጠቀለለው ሁለተኛው ደግሞ ክንዱን በትንሽ ኃይል ይዞ ያቆየዋል። እንዲህ ያለውን ጎንደር ውስጥ ካጡ፣ ማይክሮኮንትሮለሩ (ማሽኑን የሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር) ከመጀመሪያው ምት በኋላ ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ እንዲቀንሰው ያድርጉ።

ማሽኑን ለሕዝብ ሙከራ ፒያሳ ከማስቀመጥዎ በፊት ግን ለእያንዳንዱ ኮይል የራሱን ፊውዝ ይግጠሙለት፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ወደ ኮይሉ ኤሌክትሪክ የሚለቀው ትራንዚስተር ያለ ትእዛዝ ሊከፈት እንደሚችል በጥገና ሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ።