የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከአያቴ ሣጥን የወጣው የ20 ዶላር ወርቅ

ጥያቄ፦ ከአያቴ ሣጥን ውስጥ በአንድ ፊቱ የሴት ምስል፣ በሌላው ንስር የተቀረጸበት፣ 1904 የሚል የአሜሪካ የ20 ዶላር የወርቅ ሳንቲም አገኘን። ፒያሳ ወስጄ ሳሳይ አንዱ ወርቅ ቤት በ18 ካራት ሒሳብ ሊገዛኝ ፈለገ፤ ሌላው ደግሞ ነጠብጣቡን አጽድቶና ማንጠልጠያ በይዶ የአንገት ሐብል ሊያደርግልኝ ሐሳብ አቀረበ። የትኛው ይሻለኛል? (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ሁለቱንም እንዳይቀበሉ አጥብቀን እንመክርዎታለን። ሳንቲሙ እውነተኛ ከሆነ ከ1,000 እጅ 900ው ወርቅ፣ ቀሪው መዳብ ነው፤ ይህም 21.6 ካራት መሆኑ ነው። ክብደቱ 33.436 ግራም ስለሆነ በውስጡ 30 ግራም ያህል ንጹሕ ወርቅ አለ። በ18 ካራት ሒሳብ ከሸጡት 5 ግራም ንጹሕ ወርቅ ያለ ክፍያ ሰጡ ማለት ነው።

በርግጥ አስቀድሞ እውነተኛነቱ መረጋገጥ አለበት። ስፋቱ 34 ሚሊ ሜትር መሆን ይኖርበታል። በሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱና ሳንቲሙን በክር አንጠልጥለው ታችም ጎንም ሳይነካ ውኃው ውስጥ ያጥልቁት፤ ሚዛኑ 1.9 ግራም ገደማ ሊያሳይ ይገባል። ሆኖም ከእውነተኛ ወርቅ የተመቱ ሐሰተኛ ሳንቲሞችም ስላሉ፣ ይህ ፈተና የወርቁን ጥራት እንጂ የሳንቲሙን እውነተኛነት ብቻውን አያረጋግጥም።

ወርቁ የዋጋው መነሻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጨምረው የዓመቱ ብርቅነትና የገጹ ጥራት ነው። ከንስሩ ጅራት ሥር «ኤስ» የሚል የላቲን ፊደል ካለ የተመታው ሳን ፍራንሲስኮ ነው፤ ምንም ከሌለ ፊላደልፊያ ነው። ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1904 ከ6 ሚሊዮን በላይ ስለመታ ዓመቱ ብርቅ አይደለም። በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕዝቡ ወርቁን እንዲያስረክብ አዘው ብዙ ሳንቲም ቢቀልጥም፣ ቀደም ሲል ወደ አውሮፓ ባንኮች የተሻገረው ተርፏል። ስለዚህ ከወርቁ ዋጋ ብዙ የራቀ ገንዘብ አይጠብቁ፤ ያለችውን ጭማሪ ግን አያጥፏት።

የሚያጠፋት ደግሞ ማጽዳትና መበየድ ነው። ነጠብጣቡ ከመዳቡ የመጣ ሲሆን ሰብሳቢዎችን እምብዛም አያስከፋም፤ በፈተጉት ጊዜ ግን ከማተሚያው የወጣበት አንጸባራቂ ገጽ ይሄዳል፣ ተመልሶም አይመጣም። ስንት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በዚሁ ምክንያት ለሰብሳቢ የሚሆን ዋጋውን አጥቶ አይተናል፤ ያሳዝናል።

ለመሸጥ ከወሰኑ ዋጋውን በንጹሕ ወርቅ ግራም አስልተው ይጠይቁ። እስከዚያው ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ እየያዙ፣ ከሌላ ጌጥ ጋር እንዳይፋተግ ለብቻው ያስቀምጡት።