ጥርሷን ለማሠራት ልጄን ማስተኛት ይኖርብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከደብረ ሲና ነው። ልጄ 4 ዓመት ከ8 ወር ሆኗታል። ከታች በኩል ሁለት መንጋጋዎቿ ተበልተው ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች። ደብረ ብርሃን ወስጃት ነበር፤ ወንበሩ ላይ ገና ስትቀመጥ ጮኸች፣ የባለሙያዋን እጅ ነከሰች፣ አንድም ጥርስ ሳይታይ ተመለስን። «አዲስ አበባ ወስደሽ በማስተኛ መድኃኒት ይሠራላት» ተባልሁ። እናቴ «ለወተት ጥርስ ብለሽ ልጅ ታስተኛለሽ? ባትነቃስ?» ትላለች። ጎረቤቴ ደግሞ እንቅልፍ የሚያስይዝ የጉንፋን ሽሮፕ አጠጥቻት እንድሄድ መከረችኝ። ምን ላድርግ? አእምሮዋንስ አይጎዳትም?

መልስ፦ ከጎረቤትዎ ምክር ልጀምር፤ ዛሬውኑ መቆም ያለበት እሱ ነውና። ሽሮፑን አይስጧት። እንቅልፍ የሚያስይዙ የጉንፋንና የአለርጂ ሽሮፖች፣ በተለይ ፕሮሜታዚን ያለባቸው፣ የሕፃናትን አተነፋፈስ ሊያዳክሙ ይችላሉ። ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ፕሮሜታዚን የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ክሊኒኩ ቤት ውስጥ የጠጣችውን ሳያውቅ የራሱን ማረጋጊያ ከጨመረበት ሁለቱ ይደራረባሉ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት አንገቱን መያዝ ያቃተው ልጅ በጀርባዋ አዝላ መጣች። ምን እንዳጠጣችው እስክትነግረን ድረስ ብዙ ተጨቃጨቅን፤ ያን ቀን ጥርስ መሥራቱ ቀርቶ የልጁን ትንፋሽ ስንቆጥር ዋልን። አረቄ የነከረ ጥጥ ጥርስ ላይ ማስያዝም ከዚሁ ወገን ነው፤ ድድ ያቃጥላል፣ የሚዋጠውም ለሕፃን አልኮል ነው። ለሌሊቱ ሕመም በክብደቷ ልክ የታዘዘ ፓራሲታሞል ይበቃታል። አስፕሪን ግን ለሕፃን አይሆንም።

አሁን ወደ እናትዎ ልምጣ። ፍርሃታቸውን አልነቅፍም፤ ባለሙያዎች ራሳችን «ማደንዘዣ» በሚል አንድ ቃል አራት የተለያዩ ነገሮች እየጠራን ሰውን ግራ አጋብተናል። ድድ ላይ የሚወጋው ሊዶኬይን ቦታውን ብቻ ያደነዝዛል፤ እንቅልፍ የለውም። በአፍንጫ የሚሳበው ናይትረስ ኦክሳይድ፣ በተለምዶ የሳቅ ጋዝ የሚባለው፣ ልጁን ሳያስተኛ ዘና ያደርገዋል፤ እያወራ፣ እየታዘዘ ይሠራለታል። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ በ1844 እ.ኤ.አ. ይህን ጋዝ ስቦ የገዛ ጥርሱን አስነቅሎበታል። ሲዘጋ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቅቃል፤ ደግነቱ ይህ ነው። ክፋቱ ደግሞ፣ አፍንጫው የታፈነ ወይም ጭንብሉን እሺ ብሎ የማያደርግ ልጅ አይጠቀምበትም። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ሌላም ነገር አለው፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ያው መጠን ጋዝ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ያነሰ ነው የሚኖረው።

ሦስተኛው የሚጠጣ ማረጋጊያ ነው፤ በብዛት የሚሠራበት ሚዳዞላም ይባላል። በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ልጁ ይፈዛል፣ ይለዝባል፣ ኋላም የሆነውን ብዙውን አያስታውስም። ጥቂት ልጆች ግን በተቃራኒው ይነጫነጫሉ፣ ይቆጣሉ። መጠኑን እዚህ የማልጽፈው አውቄ ነው። አራተኛው ሙሉ ሰመመን ነው፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በሰመመን ባለሙያ የሚሰጥ፣ ብዙ ጥርስ በአንድ ጊዜ ለሚሠራለት ልጅ የሚመረጥ። ብዙ ወላጆች የማያውቁትን ልጨምር፦ ማረጋጊያው ፍርሃትን እንጂ ሕመምን አያጠፋም። ስለዚህ የሳቅ ጋዝ ወይም ሚዳዞላም ወስዳም ቢሆን የድድ መርፌዋ አይቀርላትም።

አደጋው የቱ ጋ ነው? በእነዚህ ደረጃዎች መካከል አጥር የለም። ለማረጋጋት የተሰጠ መድኃኒት ልጁን ከታሰበው በላይ ሊያስተኛው ይችላል። የሕፃን የአየር መተላለፊያ ጠባብ ነው፣ ምላሱ ለአፉ ትልቅ ነው፣ ትንፋሹ ሲታገድ ኦክስጅኑ ከአዋቂ ፈጥኖ ያልቃል። በዚያ ላይ ሥራው ራሱ አፍ ውስጥ ነው፤ ውሃ፣ ደም፣ ጥጥ ሁሉ እዚያው። ስለዚህ «የትኛውን መድኃኒት ነው የምትሰጧት?» ከማለትዎ በፊት «ትንፋሿን የሚጠብቀው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ጥርስ የሚሠራው ሰው ዓይኑ ጥርሱ ላይ ነው፤ ከእሱ ሌላ፣ ሥራው ልጅቷን መከታተል ብቻ የሆነ ሰው መኖር አለበት። ጣቷ ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ ለሕፃን የሚሆን መተንፈሻ ጭንብልና የምራቅ መሳቢያ ከመጀመሩ በፊት አጠገባቸው ይሁን። ሲጠይቁ የሚቆጣ ክሊኒክ ካጋጠመዎት ልጅዎን ይዘው ይውጡ። ሁሉ ባለበት ቦታ ግን «ባትነቃስ?» የሚለው ስጋት በጣም ሩቅ ነው።

ስለ አእምሮዋ፦ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማስጠንቀቂያ ከ3 ዓመት በታች ለሆኑና ከ3 ሰዓት በላይ ወይም በተደጋጋሚ ሰመመን ለሚሰጣቸው ሕፃናት ነበር። ልጅዎ ከዚያ ዕድሜ አልፋለች። በጨቅላነታቸው ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ሰመመን የወሰዱ ሕፃናት 5 ዓመት ሲሞላቸው ተመርምረው የአእምሮ ችሎታቸው ካልወሰዱት ሕፃናት አላነሰም።

«ለወተት ጥርስ» የሚለውን ግን አልቀበልም። እነዚያ መንጋጋዎች የሚወድቁት ከ9 እስከ 12 ዓመቷ ባለው ጊዜ ነው፤ ሌሊት እያስለቀሷት ያን ያህል ዓመት አትጠብቅም። ራሱን ችሎ ሌሊት የሚነሳ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ መበላቱ ነርቩ ዘንድ መድረሱን ይናገራል። ነርቩ ዘንድ ላልደረሰ ጥርስ ሌላ መላ ነበር፤ ያለ መርፌ የሚቀባ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ አለ (ጥርሱን ያጠቁረዋል፣ መበላቱን ግን ያስቆማል)፣ ያለ ማሽን በእጅ መሣሪያ ጠርጎ መሙላትም አለ። ሁለቱ መንጋጋዎቿ እኩል ተበልተው ላይሆን ይችላልና አንዱን በዚህ ማዳን ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ጉንጯ ካበጠ ወይም ትኩሳት ከያዛት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል።

ከአዲስ አበባ በፊት አንድ ሙከራ ብቻ ብትጨምሩ እወዳለሁ። ቀኑን ባለሙያዋ ምንም የማትሠራበት ያድርጉት፤ መስታወቷን ታሳያት፣ ጥርሷን ትቁጠርላት፣ ወንበሩን ከፍ ዝቅ ታድርግላት፣ በቃ። እቤት ደግሞ «ዝም ካላልሽ ዶክተር መጥቶ ይወጋሻል» የሚለው ማስፈራሪያ ይቁም። እኛ ጋ የሚመጣው ልጅ ግማሽ ፍርሃቱን ይዞት የሚመጣው ከቤቱ ነው፤ ስንት ዓመት የመርፌ ጅብ አድርጋችሁን ኖራችኋል። «አያምሽም» ብለውም አይዋሿት፤ «ትንሽ ትቆነጥጥሻለች፣ እኔ እጅሽን እይዛለሁ» ይበሏት። ያም ካልሆነ ይውሰዷት። አራት ሰው ጨምድዶ ይዟት ከሚነቀልላት፣ በደንብ በተዘጋጀ ቦታ በማረጋጊያ ቢሠራላት ይሻላታል።

ሲወስዷት በሁለት ሰው ይሂዱ። ስታንኮራፋ የምታድር ከሆነ፣ እንጥሏ የተቆረጠ ወይም ቶንሲሏ ትልቅ ከሆነ፣ ያለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዟት ከሆነ፣ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ቀጠሮው ሊዛወር ይችላል። የባልና የአማት ምርቃት የማይተካው ባዶ ሆድ ነው፦ ከማረጋጊያው በፊት 6 ሰዓት ዳቦም፣ የላም ወተትም፣ ወተት ያለበት ሻይም የለም፤ ንጹሕ ውሃ ግን ለማረጋጊያው 2 ሰዓት እስኪቀር ድረስ ይፈቀዳል። ከደብረ ሲና በሌሊት ተነስታችሁ መኪና ውስጥ ስትነጫነጭ ቆሎ በእጇ የሚያስጨብጣት ዘመድ አይጠፋም፤ ያ ቆሎ በፈዘዘች ጊዜ ተመልሶ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ዋዜማውን አዲስ አበባ ግቡ።

የዚያኑ ዕለትም አትመለሱ። ወደ 190 ኪሎ ሜትር ነው፣ የጣርማ በር ጭጋግ አለ፣ የፈዘዘ ሕፃን ደግሞ መቀመጫ ላይ አንገቱ ደረቱ ላይ ሲወድቅ ማንም ሳያየው ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል። ቤርጎ ይያዙ፣ በጎኗ አስተኝተው ቀስቅሰው ይዩዋት። ከንፈሯ ከደነዘዘበት እስኪለቅቅ እያኘከች እንዳታቆስለው ይጠብቋት፤ ማታ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት ይበቃታል፣ ቆሎው ለሳምንት ይቆይላት።