ኢንሹራንስ ለሌለው ቬተራን፦ ከቪኤ ካርዱ በላይ 72 ሰዓቷን ያዝ

ወንድሜ፣ ከአሜሪካ ጦር ከወጣህ በኋላ የገባህበት ስራ ኢንሹራንስ እንደሌለውና «ቪኤ ብቻውን ያክመኛል ወይ?» ብለህ የጠየቅከውን አየሁ፤ ቪኤ ማለት ቬተራኖችን፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮችን፣ የሚያክመው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ያክምሃል። እኔም ሌላ ኢንሹራንስ የለኝም፤ ዓመታት ያለፉት በቪኤ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍዳውን ካየ ሰው ስማ።

1. ዲዲ 214ህን (ከጦሩ ስትወጣ የተሰጠህን ወረቀት) ይዘህ 10-10 ኢዚ የሚባለውን የቪኤ ህክምና መመዝገቢያ ፎርም ሙላ። ወርሃዊ ክፍያ የለውም። «ያልቆሰለ አይቀበሉም» የሚለውን ወሬ ተወው። ከ1 እስከ 8 የቅድሚያ ምድብ አለ፤ ፐርሰንት (ውትድርና ላይ ለደረሰብህ ጉዳት ቪኤ የሚሰጥህ መጠን) ከሌለህ ገቢህ ይታያል። ኢራቅ ወይም አፍጋኒስታን ደርሰህ ከሆነማ በ2022 የወጣው ፓክት አክት የሚባለው ሕግ በሩን ከፍቶልሃል። ዜግነት ስትወስድ ስም ከቀየርክ ወረቀቱን አትርሳ፤ የእኛ የአባትና የአያት ስም ነገር እዚያ መስኮት ላይ ብዙ ያጨቃጭቃል።

2. ካርዱ ሲመጣ ኪስህ ከተህ አትቀመጥ። ባያምህም ቀጠሮ ይዘህ ሐኪም እይ። ከውትድርና ጋር ያልተያያዘ ድንገተኛ ህመም ይዞህ ውጪ ሆስፒታል ብትገባ፣ ቪኤ የሚከፍለው ባለፉት 24 ወራት እነሱ ጋ ታክመህ ከሆነ ነው።

3. 72 ሰዓቷ። ይህቺን ሳስብ አሁንም እርር ነው የምለው። አንድ ሌሊት ሆዴን ሲቆርጠኝ አምቡላንስ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ወሰደኝ። ትርፍ አንጀት ነበር። ኦፕራሲዮን ከሆንኩ በኋላ ከሂሳብ ክፍል አንዲት ሴትዮ መጣች። የቪኤ ካርዴን ሰጠኋት። በሁለት ጣቷ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ይሄ ኢንሹራንስ አይደለም» አለችኝ። ህክምናው በተጀመረ በ72 ሰዓት ውስጥ ለቪኤ መነገር አለበት፣ ደውሉላቸው አልኳት። «እናሳውቃለን» አለች ማስቲካዋን እያኘከች። የት አባቷ! ከፋይ ብላ የመዘገበችው እኔኑ ነው። ከሳምንታት በኋላ የመጣው ቢል መኪና ይገዛል። ቀጥሎ የኮሌክሽን (የዕዳ ሰብሳቢዎች) ስልክ፤ ምሳ ሰዓት የለ፣ ቅዳሜ የለ።

ዕድሜ ለሚስቴ! እሷ የሴትዮዋን ቃል አላመነችም። በማግስቱ ለቪኤ ማሳወቂያ ወደሆነው 844-724-7842 ደውላ ራሷ አስመዝግባኛለች። የተሰጣትን ቁጥር፣ ቀኑንና ያናገረችውን ሰው ስም በመድኃኒት ማዘዣው ጀርባ ላይ ጽፋዋለች። ያቺን ወረቀት ይዤ ቪኤ ሆስፒታል ፔሸንት አድቮኬት ጋ ሄድኩ። ይህ ሰው በየቪኤ ሆስፒታሉ አለ፤ ስራው ለአንተ መሟገት ነው። ወራት ፈጀ እንጂ ቪኤ ከፈለ። ከሆስፒታሉ ግን «ይቅርታ» የምትል ቃል እስካሁን አልመጣችም።

እና ያ ሁኔታ ከገጠመህ መጀመሪያ 911። ቪኤን አስቀድመህ ማስፈቀድ የለብህም። ከዚያ አንተ ካልቻልክ ቤተሰብ ይደውል። ቁጥሩን ለባለቤትህ ዛሬውኑ ላክላት።

ጥርስ ላይ ብዙ አትጠብቅ፤ ለአብዛኛው ሰው አይሸፍንም። ሚስትና ልጆችም በአንተ ካርድ አይታከሙም። ኮፔይ (ከኪስህ የምትከፍላት ድርሻ) አያስፈራህ፤ ለስፔሻሊስት 50 ዶላር ነው፣ 10 ፐርሰንት እንኳ ካለህ ለተመላላሽ ህክምና እሱም ይቀራል። ለፐርሰንቱ ጉዳይ ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብሊው ወይም አሜሪካን ሊጅን ወደሚባሉት የቬተራን ማኅበራት ሂድ፤ በነጻ ይሞሉልሃል። ከምታገኘው ላይ ቆርጠህ ስጠኝ የሚልህ ካለ ወረቀትህን ተቀብለህ ውጣ።