ዶት አይኦ ሊዘጋ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የሶፍትዌር ሥራ ጀምረናል፤ የድረ ገጻችን አድራሻ በዶት አይኦ (.io) ያልቃል። ሰሞኑን «እንግሊዝ ደሴቶቹን ለሞሪሸስ ልትመልስ ስለሆነ ዶት አይኦ ይዘጋል» ሲባል ሰማሁ። ደሴትና የኛን ድረ ገጽ ምን አገናኛቸው? አሁኑኑ እንቀይር?
ዮ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትደንግጥ። ነገ ተነስቶ የሚዘጋው የለም። ወሬው ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም።

ዶት አይኦን የቴክኖሎጂ ሰዎች ወደውት ተስፋፋ እንጂ እንደኛው ዶት ኢቲ የግዛት ኮድ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው ብሪታንያ በህንድ ውቅያኖስ ለያዘችው ግዛት፣ ማለትም ለቻጎስ ደሴቶች ነው። ብሪታንያ ደሴቶቹን በ1965 ከሞሪሸስ ነጥላ አስቀረች፤ ከዚያ ከደሴቶቹ ትልቋ በሆነችው ዲዬጎ ጋርሲያ ላይ የአሜሪካ ጦር ሰፈር እንዲሠራ ብላ ነዋሪዎቹን እስከ 1973 ድረስ ጠራርጋ አስወጣች። ሁሉም ስለ ዶሜይኑ፣ ማለትም ስለ ድረ ገጽ አድራሻው፣ ሲጨነቅ እነዚህን ሰዎች የሚያነሳቸው ጥቂት መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል። በአገራቸው ኮድ ሌላው ሲነግድ ኖሯል፤ እነሱ ድርሻችን ይሰጠን እያሉ ነው። ደሴቶቹን ለሞሪሸስ የማስረከቢያው ውል የተፈረመው በሜይ 2025 ሲሆን፣ የሚጸናው ሁለቱም አገሮች ሲያጸድቁት ነው።

የዶሜይን ስሞችን የሚያስተባብረው አይካን፣ መቀመጫው ካሊፎርኒያ ነው። ማን አገር ነው፣ ማን አይደለም የሚለው ክርክር ውስጥ አይገባም፤ የዓለም አቀፉን የደረጃዎች ድርጅት፣ የአይሶን፣ የአገር ኮዶች ዝርዝር ይከተላል። ግዛቱ ለሞሪሸስ ተላልፎ አይኦ ከዚያ ዝርዝር ከወጣ የመዝጊያው ሂደት ይጀመራል። በ2022 የጸደቀው ደንብ አምስት ዓመት ይሰጣል፣ ቢበዛ እስከ አስር ይራዘማል። የዩጎዝላቪያ ዶት ዋይዩ በ2010 ተሰርዟል። የሶቪየት ኅብረት ዶት ኤስዩ ደግሞ አገሪቱ ከፈረሰች በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቷል! ስለዚህ ደንቡ ብቻ ሳይሆን ከኮዱ ጀርባ ማን አለ የሚለውም ይወስናል። ዶት ኮምም ቢሆን ከፖለቲካ ነፃ አይደለም፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ካዘዘ ይወረሳል።

እናንተ አሁን አትቀይሩ። ግን ሌላ ስም ዛሬውኑ አስመዝግባችሁ ያዙ፣ ዋጋውም ብዙ አይደለም። ከድረ ገጹ በፊት የሚያሳስበኝ በዚሁ አድራሻ የምትጠቀሙበት ኢሜይል ካለ እሱ ነው፣ ምክንያቱም የባንክና የሰርቨር አካውንታችሁ የይለፍ ቃል ቢጠፋ መቀየሪያው የሚላከው ወደዚያ ነው። ወደ አዲሱ ስም ስትዛወሩም የድሮውን ቶሎ እንዳትለቁት፤ ሌላ ሰው ከገዛው ለናንተ የሚላክ ደብዳቤ እሱ ጋ ይገባል።